ከወለድኩ 49 ቀኔ ነው፤ ሲስት አለብሽ ተባልኩ፣ የደም ምርመራውም 71 አለ

የሳቢያኗ አራስ

ሰላም እህቶች። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። የመጀመሪያ ልጄን፣ ሴት ልጅ፣ ወልጄ ዛሬ 49 ቀኔ ነው። በምጥ ነው የወለድኩት፤ ማርያም ማረችኝ።

ከወለድኩ በኋላ ግን ከእምብርቴ በታች በግራ በኩል የሚጎትት ሕመም ነበረኝ። ጀሪካን ሳነሳ ይብሳል። ልጄን ለ6 ሳምንት ክትባት ስወስዳት ለነርሷ ነገርኳት፣ አልትራሳውንድ እንድነሳ ላከችኝ። ወረቀቱ በግራው ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመርተው ክፍል) ላይ 6.4 ሴንቲሜትር ሲስት (ፈሳሽ ነገር የቋጠረ ከረጢት) ይላል። "ኮምፕሌክስ" የሚል ቃልም አለበት። ከዚያ አንድ የግል ላብራቶሪ ሄጄ ሲኤ-125 የሚባል የደም ምርመራ ተሠራልኝ። 71 መጣ። ከጎኑ ትክክለኛው ከ35 በታች ነው ይላል። ውጤቱን የሰጠኝ ልጅ "ይኼ የካንሰር ምርመራ ነው፣ ቶሎ ሐኪም አሳዪው" አለኝና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ። እኔ ልጄን ታቅፌ እዛው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

የማህፀን ሐኪም ቀጠሮዬ ገና 9 ቀን ይቀረዋል። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ይህን በስልክ ነግሬው ከባድ መኪና እንዲነዳ አልፈልግም። አማቴ አብረውን ናቸው። ሕመሙን ስነግራቸው "ብርድ ገብቶሽ ነው" ብለው በዚህ በድሬ ሙቀት ቬንትሌተሩን አጥፍተው ጋቢ ያለብሱኛል። ከፍቅራቸው ነው፣ አውቃለሁ። ወረቀቱን ግን አላዩትም። የልጄ ክትባት ካርድ ውስጥ ደብቄዋለሁ።

ሌሊት ልጄ ስትጠባ እኔ ስልኬ ላይ እያነበብኩ አለቅሳለሁ። እንባዬ ግንባሯ ላይ ጠብ ሲል ትነቃለች። እንዲህ ያለ ቁጥር መጥቶባችሁ ደህና የሆናችሁ አላችሁ? እስከ ቀጠሯችሁስ እንዴት ቆያችሁ? ማጥባትስ እችላለሁ?


የሸዋ በሯ

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። እኔ የሐረር ልጅ ነኝ። ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ሦስት ወር ሳይሞላኝ በቀኝ በኩል 7 ሴንቲሜትር ተባልኩ። የኔም ወረቀት ኮምፕሌክስ የሚለውን ቃል ይዞ ነበር። ሲኤ-125 ደግሞ 52።

የኔው ዴርሞይድ የሚባለው ዓይነት ሆነ። ውስጡ ቅባትና ፀጉር ነበረው። ፀጉር ሲሉኝ ዋላሂ ደነገጥኩ፣ ሰው የሆነ ነገር አድርጎብኝ መሰለኝ። ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። እንቁላል የሚሠሩት ሴሎች ቆዳም ፀጉርም የመሆን ችሎታ አላቸው፣ አንዳንዴ እዛው ያድጋሉ፣ ማንም ያደረገብሽ ነገር የለም አለኝ። ልጄ 8 ወር ሲሞላው እዚሁ ሐረር ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ሲስቱን ብቻ አውጥተው ኦቫሪውን ተዉልኝ። የወጣው ካንሰር መሆን አለመሆኑ እንዲታይ ወደ ላብራቶሪ፣ ፓቶሎጂ ወደሚሉት፣ ተላከ። ለኔ ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ ያንን ውጤት መጠበቁ ነበር የከበደኝ። ንጹህ ነው ተባልኩ፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ልጅ ወልጃለሁ።

የኔ እንዲህ ሆነ ብዬ ያንቺም ይኸው ነው አልልሽም። እንዴት ቆየሽ ላልሽው ግን፣ እኔ ከኢሻ ሰላት በኋላ ስልኬን ለታላቅ እህቴ እሰጣት ነበር። እስከ ፈጅር አትመልስልኝም። ሌሊት የሚነበብ ነገር ሁሉ የሚያስፈራው ብቻ ነው። ለአንድ ሰው ደግሞ ንገሪ፣ እባክሽ። ብቻሽን አትያዢው።


አዋላጅ ነኝ

የሳቢያኗ፣ እኔም እዚሁ ድሬ ማዋለጃ ክፍል የምሠራ ነኝ። ወረቀትሽን ስላላየሁ ሕመምሽ ይህ ነው አልልሽም። ያ ልጅ በር ላይ የጣለብሽን ነገር ግን ላቅልልልሽ።

ሲኤ-125 የካንሰር ብቻ ምልክት አይደለም። የማህፀን የውስጥ ሽፋንና የሆድ ዕቃ ሽፋንም የሚሠሩት ፕሮቲን ነው። በእርግዝና፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ በወር አበባ ጊዜ፣ ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ) ሲኖር፣ በማህፀን ኢንፌክሽን፣ በሆድ ቲቢም ከፍ ይላል። የወር አበባዋ በዕድሜ ላልቆመ ሴት ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ደግሞ በተቃራኒው ካንሰር ኖሮም ከ35 በታች የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው ሐኪም ከቁጥሩ ይልቅ አልትራሳውንዱን የሚያምነው። ኮምፕሌክስ ማለትም ውስጡ ንጹህ ውሃ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ደም፣ ቅባት ወይም ውስጡን የሚከፍል ግድግዳ ሊሆን ይችላል። መታየት አለበት፣ ግን ፍርድ አይደለም።

ሐኪሙን ስታገኚው ይህን ጠይቂ፦ ውስጡ ጠጣር ነገር አለው ወይ? ደም ይዘዋወርበታል ወይ? ሆዴ ውስጥ ፈሳሽ አለ ወይ? በቤተሰባችሁ የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር የነበረበት ሰው ካለ ሳይጠይቅሽ ንገሪው።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። ድንገት በአንድ ጎን የሚቆርጥ ኃይለኛ ሕመም ከመጣና ካስመለሰሽ 9 ቀን አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ሲስት ያለበት ኦቫሪ ሊጠማዘዝና ወደ እሱ የሚሄደው ደም ሊቋረጥ ይችላል። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ጀሪካኑንም ለጊዜው ተይው።

ልጅሽን አጥቢ። አልትራሳውንዱም የደም ምርመራውም ወተትሽን አይነካም።


የቀፊራዋ እናት

ልጄ፣ አይዞሽ። ጥቁር አዝሙድ ከማር ጋር በባዶ ሆድሽ ውሰጂ። ሆድ በቅቤ የምታሽ ሴትም አውቃለሁ፣ እጇ መድኃኒት ነው። ከፈለግሽ እጠቁምሻለሁ።


አዋላጅ ነኝ

እናቴ፣ ስለ ደግነትዎ እግዜር ይስጥልኝ። ማሩም አዝሙዱም ምግብ ላይ ይሁን፣ ለሲስቱ መድኃኒት ግን አይሆንም። ሆዷ ግን በፍጹም አይታሽ። 6 ሴንቲሜትር ሲስት ሲታሽ ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ለጎረቤቶችዎም ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።


የሳቢያኗ አራስ

ቀጠሮዬ ትናንት ነበር። ዝም ስላልኳችሁ ይቅርታ።

መጀመሪያ ለአማቴ ነገርኳቸው፣ ቀጠሮዬ ሦስት ቀን ሲቀረው። ወረቀቱን አወጣሁና ፊታቸው አኖርኩት። ማንበብ አይችሉም፣ እኔ አነበብኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ይህን ሁሉ ቀን ይዘሽው ነው ገንፎ የምትበይልኝ?" አሉኝ። ከዚያ ተነስተው ቬንትሌተሩን ከፈቱት። ትናንት ደግሞ ነጠላቸውን ለብሰው ከእኔ ቀድመው በር ላይ ቆሙ። እኔ ስታይ ልጄን ኮሪደሩ ላይ ይዘዋት ቆዩ።

ሐኪሙ አልትራሳውንዱን ራሱ ደገመው። አሁን 6.1 ነው። ጠጣር የለውም፣ ፈሳሽም ሆዴ ውስጥ የለም አለኝ። የቆየ ደም የያዘ ይመስላል አለ። የወር አበባሽ ከመውለድሽ በፊት ያምሽ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በየወሩ ከትምህርት ቤት እስከ መቅረት ያመኝ እንደነበር ነገርኩት። እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው፣ የማህፀን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም፣ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ሲኤ-125ን ከፍ ያደርጋል አለኝ። አልትራሳውንዱ ከ8 ሳምንት በኋላ ይደገማል። ሲስቱ ካልቀነሰ ስለ ኦፕራሲዮን እናወራለን። የደም ምርመራውን አሁን መድገም አያስፈልግም አለ።

የአዋላጇን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፌ ነበር የያዝኩት፣ አንድ በአንድ መለሰልኝ። የሸዋ በሯ፣ ስልኬን ሌሊት ሌሊት አማቴ ትራስ ሥር ነው የማኖረው። ትናንት ማታ ልጄ ጠብታ ጨርሳ እንደተኛች እኔም እዛው ተኛሁ። ባለቤቴ ነገ ይገባል፣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።