የክርክርን ዐውድ እንዴት ላሳይ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጽሑፌ በ1997ቱ ምርጫ የቴሌቪዥን ክርክሮች ላይ ነው፣ በተለይ በመሬት ይዞታው ጉዳይ። አማካሪዬ «ዐውዱን በደንብ አሳይ» ብለውኛል። ከደርግ ጀምሬ ታሪክ ልጻፍ እንዴ?

መልስ 1፦ ኧረ በፍጹም! ታሪኩ ለብቻው ዐውድ አይሆንም። የንግግር ትንተና ምሁሩ ቫን ዳይክ እንደሚለው ዐውድ ተናጋሪው ስለ ሁኔታው በአእምሮው የያዘው ሥዕል ነው፤ እኔ ማን ነኝ፣ ማን ይሰማኛል፣ ሰሚው ምን ያውቃል። ስለዚህ የ1967ቱን የደርግ የመሬት አዋጅ የምታነሳው ተከራካሪው ሲጠቅሰው ወይም ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብሎ ሲያልፈው ነው።

መልስ 2፦ ሰሚውን ደግሞ ለሁለት ክፈለው። ያኔ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግና ተቃዋሚው ቅንጅት እርስ በርስ ቢነጋገሩም ማሳመን የሚፈልጉት ቤቱ ሆኖ የሚያየውን መራጭ ነው። ተናጋሪው «እናንተ» ማለቱን ትቶ ስለ ተቀናቃኙ «እነሱ» ማለት የጀመረበትን ቦታ ፈልግ፣ ወደ ሕዝቡ የዞረው እዚያ ጋ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ለተከራካሪዎቹ የተሰጠው የሰዓት ገደብስ?

መልስ 1፦ ይግባ፣ ግን ንግግሩን ሲያስቆርጥ ወይም ሲያስቸኩል ካየህ ብቻ።