ጆን ሮቢንሰን ተዋጊ አብራሪ ነበር ወይስ መልእክት አመላላሽ?

የጉለሌው ልጅ፦ እስቲ ሳንጣላ እንነጋገር። ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን፣ ጣሊያን ሊወርረን ሲል ከአሜሪካ የመጣውን ጥቁር አብራሪ፣ ሁሉም ሰው «ተዋጊ አብራሪ» ይለዋል። ሰውየውን አከብረዋለሁ፣ ቃሉ ግን አይገጥመውም። በግንቦት 1927 ዓ.ም. ሲመጣ የነበሩን አውሮፕላኖች ከአሥራ ሁለት ብዙም አይዘሉም፣ አብዛኞቹም መሣሪያ አልነበራቸውም። ሥራው ከጃንሆይ ወደ ግንባር ትእዛዝና ሰው ማመላለስ ነበር። ታዲያ የቱ ጋ ነው ተዋጊነቱ?

ሞተረኛው፦ ወንድሜ፣ መትረየስ ከሌለው በምን ይዋጋ? በድንጋይ? መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ዓድዋን በቦምብ ሲደበድብ እዚያው ከተማው ውስጥ ነበር። ከዚያም በኋላ መብረሩን አላቆመም። እንደው አስበው፤ ፖቴዟ፣ ያቺ የፈረንሳይ ሥሪት አውሮፕላን፣ ጣሪያ የላትም፣ ብርዱ ፊትህን ይገርፍሃል፣ ከኋላህ የጣሊያን አውሮፕላን እየተኮሰ ይመጣብሃል፣ አንተ ደግሞ መልሰህ የምትተኩሰው ነገር ስለሌለህ ያለህ ዕድል ደመና ውስጥ መግባት ወይ ገደል ለገደል መሽሎክሎክ ነው። ቆስሎም ነበር እኮ! ይሄ ውጊያ ካልሆነ ምን ይባላል?

መንገደኛ፦ የጃንሆይን አውሮፕላን የሰበረው እሱ አይደል?

ሞተረኛው፦ ኧረ በፈጠረህ! ያ ሌላው ከአሜሪካ የመጣ ጥቁር አብራሪ ሁበርት ጁሊያን ነው፣ በ1923 ዓ.ም. ጃንሆይ ዘውድ ሊጭኑ ጥቂት ሲቀራቸው። ሁለቱን እያምታታችሁ ነው ሮቢንሰን ስሙ የሚጠፋው።

የታሪክ መምህርቷ፦ ሁላችሁም ስለ እንግዳው ብቻ ታወራላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊስ? የመጀመሪያዋ ፖቴዝ አዲስ አበባ ያረፈችው ነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ ገደማ እነሱ ያለ አስተማሪ ብቻቸውን በረሩ። ሮቢንሰን የመጣው ከእነሱ በኋላ ነው። እሱ «የአየር ኃይላችን አባት» ሲባል ዝም የምትሉት ለዚህ ነው የሚያናድደኝ።

የጉለሌው ልጅ፦ እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ፣ ልክ ነሽ።

ሞተረኛው፦ እኔም «አባት» አላልኩም። ግን አንድ ነገር አትርሱ። ቺካጎ የነበረው የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጥቁር አንቀበልም ሲለው በጽዳት ሠራተኛነት ገብቶ፣ ወለል እየጠረገ ትምህርቱን በጆሮው የለቀመ ሰው ነው። እንደምንሸነፍ እያየም አልሸሸም። ጭራሽ በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቶ ልጆቻችንን መብረር አስተማረ፣ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት ሞቶ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀበረ። የእኔና የአንተ ክርክር በአንድ ቃል መሆኑ ራሱ ይገርመኛል።

የታሪክ መምህርቷ፦ ቃሉማ አለን። አባቶቻችን «ወዶ ዘማች» ይሉ ነበር። ማንም ሳያስገድደው የዘመተ።

የጉለሌው ልጅ፦ «ወዶ ዘማች አብራሪ»። በዚህ እፈርማለሁ።

ሞተረኛው፦ ፈርም። እኔ ግን «ተዋጊ» የሚለውን አልሰርዝም።