ስታንድአሎን ኤክስኤምኤል ላይ የቀየርኩት ቁጥር ለምን ወደ ድሮው ይመለሳል?

የማታ_ተረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ስታገለው የቆየሁት ነገር ስላቃተኝ ነው የምጽፈው። ዋይልድፍላይ በሚባለው አፕሊኬሽን ሰርቨር ላይ የምናስኬደው የጃቫ አፕሊኬሽን አለን፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። ሰርቨሩን ሪስታርት ሳደርገው ለጥቂት ሰዓታት ደህና ይሠራል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይከብደዋል፣ መጨረሻ ላይ ገጹ ዝም ብሎ ይሽከረከርና ልክ 30 ሰከንድ ሲሞላ ኤረር ይመልሳል። ሎጉ ላይ አይጄ000453 እና አይጄ000655 ይደረደራሉ፣ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ነፃ ኮኔክሽን አልተገኘም ነው ነገሩ።

ፑሉ (ወደ ዳታቤዙ የተከፈቱት ኮኔክሽኖች የሚቀመጡበት) አንሶ ነው ብዬ የሰርቨሩን ኮንፊገሬሽን ፋይል፣ ስታንድአሎን ኤክስኤምኤልን፣ ከፍቼ ማክስ ፑል ሳይዙን (የፑሉን ጣሪያ) ከ20 ወደ 100 አደረግኩት። ሴቭ አደረግኩ። የአፕሊኬሽኑ አዲስ ቨርዥን ስለነበረ በኮንሶሉ ዲፕሎይ አደረግኩና ማታ ሰው ሲወጣ ሪስታርት አደረግኩት። በማግስቱ ያው ችግር። ፋይሉን ስከፍተው 20 ይላል! ፐርሚሽኑ ደህና ነው፣ ከእኔ ሌላ የነካው ሰውም የለም። ማነው የሚመልሰው?

አሮጌ_ሎግ፦
የሚመልሰው ሰርቨሩ ራሱ ነው። ፋይሉን የሚያነበው ሲነሳ አንዴ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚያውቀው ሜሞሪው ላይ የያዘውን ነው። አንተ እየሠራ እያለ ፋይሉን ስትቀይር እሱ ምንም አላየም። በኮንሶል ዲፕሎይ ስታደርግ ደግሞ አዲሱን ዲፕሎይመንት ለመመዝገብ ሜሞሪው ላይ ያለውን ኮንፊገሬሽን በሙሉ ፋይሉ ላይ መልሶ ጻፈው። ያንተ 100 የጠፋው እዚያ ጋ ነው፣ ሪስታርቱ ምንም አላጠፋም።

ይህ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፣ ምክንያቱም በድሮው ጄቦስ (የዋይልድፍላይ የቀድሞ ስም ነው) እያንዳንዱ ዳታሶርስ፣ ማለትም የአንድ ዳታቤዝ ግንኙነት ቅንብር፣ የራሱ ትንሽ ፋይል ነበረው፣ ያንን ስትነካው ወዲያው ይቀየር ነበር። በ2011 ከወጣው ቨርዥን 7 ጀምሮ ግን ሁሉም ሰርቪስ አንድ ፋይል ውስጥ ገባ፣ የፋይሉም ባለቤት ሰርቨሩ ሆነ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኘው ምክር ግማሹ ገና የዚያን ዘመን ነው።

ስለዚህ ወይ ሰርቨሩን አቁመህ ፋይሉን አስተካክልና አስነሳው፣ ወይም (እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ይሄን ነው) እየሠራ እያለ በሲኤልአይ (ትዕዛዝ በሚጻፍበት የሰርቨሩ መሣሪያ) ግባና እዚያው ቀይር። ሲኤልአዩ የሚገናኘው በፖርት 9990 ነው። መልሱ ላይ ሪሎድ ያስፈልጋል ካለህ ሪሎድ አድርግ፣ እሱን ሳታይ ካለፍከው የቀየርከው ፋይሉ ላይ ይቀመጥና ሥራ ላይ ሳይውል ይቆያል።

አንድ ነገር ደግሞ ቼክ አድርግ። ሰርቪሱ የሚነሳው በየትኛው ፋይል ነው? እኔ አንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ ስታንድአሎን ኤክስኤምኤልን ስቀይር ውዬ፣ ለካ የሰርቪሱ ስክሪፕት የሚያስነሳው ስታንድአሎን ፉል የሚለውን ኖሯል። ፕሮሰሱ የተነሳበትን ትዕዛዝ ብታየው ይታወቃል።

ፑል_ጠባቂ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። ግን 100 አታድርገው፣ እባክህ። የፖስትግሬስ ጣሪያ ካልተነካ ራሱ 100 ነው፣ ከዚያ ላይ 3ቱ ለሱፐርዩዘር የተያዙ ናቸው። አንተ ፑሉን 100 ስታደርግ ወይም ነገ ሁለተኛ ሰርቨር ስትጨምር፣ ኤረሩ ከዋይልድፍላይ ወደ ዳታቤዙ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። የ30 ሰከንዱን መጠበቂያም አታርዝመው። ሰው ገጹ ላይ የሚቆምበት ጊዜ ነው የሚጨምረው።

ካልከው ውስጥ እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ሪስታርት ስታደርገው ለጥቂት ሰዓት ደህና ይሆናል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይከብደዋል ብለሃል። ፑሉ አንሶ ቢሆን ሰው ሲበዛ ይጨናነቅና ሰው ሲቀንስ ይለቀው ነበር። ይሄ ኮኔክሽን እያፈሰሰ ነው፣ ኮዱ ውስጥ የሆነ ቦታ ተወስዶ የማይመለስ አለ። የዳታሶርሱን ስታቲስቲክስ አብራና ሰው በሌለበት ሰዓት በሥራ ላይ ያለውን ቁጥር እይ። ወደ ዜሮ ካልወረደ በቃ፣ ተገኘ።

ቦታውን ለማግኘት ጄሲኤ ሰብሲስተም (ኮኔክሽኖቹን የሚያስተዳድረው የሰርቨሩ ክፍል) ውስጥ ያለውን የካሽድ ኮኔክሽን ማናጀር ዲበግ አብራ። ያልተዘጋ ኮኔክሽን ሲያገኝ ራሱ ይዘጋውና፣ እኔ ዘግቼልሃለሁ፣ ሁለተኛ ራስህ ዝጋ የሚል መልእክት ከነስታክ ትሬሱ (ኮዱ የመጣበትን የጥሪ ዝርዝር) ሎግ ላይ ይጽፋል። ከየትኛው ክላስ እንደተወሰደ እዚያ ታያለህ። ስትጨርስ አጥፋው፣ ሥራውን ያከብደዋል።

የማታ_ተረኛ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። እኩለ ሌሊት ላይ ማንም ሳይኖር አየሁት፣ በሥራ ላይ ያለው 17 ነበር። ዲበጉን ሳበራ ስታክ ትሬሱ ወደ አንድ የሪፖርት ክላስ ወሰደኝ። ሜተዱ ሊስቱ ባዶ ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ሪተርን ያደርጋል፣ ክሎዝ የሚለው መስመር ደግሞ ከታች ነው። ባዶ ሪፖርት በተከፈተ ቁጥር አንድ ኮኔክሽን እዚያው ይቀራል ማለት ነው። በየትኛውም መንገድ ቢወጣ ኮኔክሽኑን ራሱ ወደሚዘጋው ትራይ ዊዝ ሪሶርስ ቀየርኩት። ፑሉን በሲኤልአይ 30 አደረግኩት፣ ሪስታርትም አድርጌ አየሁት፣ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የተደረሰበት ከፍተኛው 11 ነው።

አንድ የቀረኝ፦ ሌሊቱን ማንም ሳይነካው አድሮ ጠዋት የመጀመሪያው ሰው ሲገባ አንዴ ኤረር ይሰጥና ሁለተኛው ሙከራ ይሠራል።

ፑል_ጠባቂ፦
እሱ መሃል ላይ ያለው ፋየርዎል ዝም ያለውን ኮኔክሽን ስለሚቆርጠው ይመስለኛል። ፑሉ መቆረጡን አያውቅም፣ የሞተውን አንስቶ ይሰጣል። ለፖስትግሬስ የተዘጋጀውን ኮኔክሽን ቼከር አስገባና ቫሊዴት ኦን ማችን ትሩ አድርግ፣ ከመስጠቱ በፊት ይፈትሸዋል። አይድል ታይምአውቱንም እየው፣ ሳይነካ 30 ደቂቃ ነው፣ ፋየርዎሉ ከሚቆርጥበት ጊዜ በታች አውርደው። ይሄንንም በሲኤልአይ።