ስለ ቀደምት ክርስቲያኖች ተከታታይ ልብ ወለድ ጠቁሙን

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የንባብ ቡድን የሚሆን፣ በሰማዕታት ዘመን ላይ የተጻፈ ልብ ወለድ ንገሩን። እንግሊዝኛም ቢሆን ግድ የለም።

መልስ፦ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የፍራንሲን ሪቨርስ «ማርክ ኦፍ ዘ ላየን»! ሦስት ቅጽ ነው፣ ከ1993 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. የታተመ። ኢየሩሳሌም ስትወድቅ የተማረከችው ሀዳሳ ሮም ውስጥ ባለጸጎች ቤት ባሪያ ሆና፣ ሌሊት አትክልቱ ስፍራ ወጥታ ስትጸልይ የሚያሳየው ክፍል ልብ ይነካል።

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቡ። አንደኛው ቅጽ ሀዳሳ አንበሶች ፊት ስትቀርብ ስለሚያበቃ፣ ሁለተኛውን አብራችሁ ካልያዛችሁ አንባቢው ታሪኩ ያለቀ ይመስለውና ይተወዋል። ሦስተኛው ፊቱን ወደ ጀርመናዊው ግላዲያተር (ሕዝብ ፊት ለትርዒት የሚፋለም ተዋጊ) ወደ አትሬቴስ ያዞራል።

መልስ፦ ዘመኑንም አስተካክሉላቸው፤ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የፈረሰበት 70 የፈረንጅ ነው፣ በእኛ 62። ጌታ መፍረሱን አስቀድሞ የተናገረበትን ማቴዎስ 24ን አስቀድማችሁ አንብቡላቸው።