በኦክቶበር ወደ ኮስታ ሪካ፦ መኪና መከራየት ይሻላል ወይስ አውቶቡስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቨርጂኒያ ሲሆን፣ እኔም እናቴም የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የአሜሪካ ግሪን ካርድ አለን። በኦክቶበር መጀመሪያ ሳን ሆሴ ገብተን፣ የአሬናልን እሳተ ገሞራና ሞንቴቬርዴን አይተን፣ ማኑኤል አንቶኒዮ የባሕር ዳርቻ ላይ ለመጨረስ አስበናል። ስፓኒሽ አንችልም፤ እናቴም ጉልበቷን ያማታል። መኪና እንከራይ ወይስ በአውቶቡስ እንዘዋወር? ቪዛስ ያስፈልገናል?

መልስ 1፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻውን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ሆኖም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል። የካርዱና የፓስፖርቱ ቀሪ ጊዜ መብቃቱን ከቆንስላው በጽሑፍ አረጋግጡ፤ የመመለሻ ትኬታችሁንም አትማችሁ ያዙ፣ አየር መንገዱ ገና ከዚህ ሳትነሡ ይጠይቃችኋልና። በቅርቡ አዲስ አበባ ደርሳችሁ ከነበረ ስለ ቢጫ ወባ ክትባትም አብራችሁ ጠይቁ።

መልስ 2፦ እኔ ከመኪናው ይልቅ ያሳሰበኝ ወሩ ነው። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ማኑኤል አንቶኒዮ በሚገኝበት በፓስፊክ በኩል ዝናቡ የሚበረታባቸው ወራት ሲሆኑ፣ በካሪቢያን በኩል ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ የሚወጣው በእነዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ ባሕሩን ካዊታ ወይም ፖርቶ ቪዬሆ ብታደርጉት ይሻላል፤ ከሳን ሆሴ ቀጥታ አውቶቡስ አለ። በዚያ አካባቢ ቅድመ አያቶቻቸው ባቡር ሐዲድ ለመሥራት ከጃማይካ የመጡ ብዙ ነዋሪዎች እንግሊዝኛ ስለሚናገሩ ቋንቋውም አያስቸግራችሁም። እናትዎ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ከሆነ፣ በኮኮናት ወተት የሚበስለው የአካባቢው ሩዝና አደንጓሬ ይስማማቸዋል፤ ዶሮ እንዳይጨመርበት ብቻ አስቀድመው ይናገሩ። የሚያሰጋው ከሳን ሆሴ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ቁጥር 32 ነው፤ ብራውሊዮ ካሪዮ ፓርክን የሚያቋርጠው ክፍል ከባድ ዝናብ ሲጥል በመሬት መንሸራተት ስለሚዘጋ፣ ከባሕሩ በተመለሳችሁበት ዕለት በረራ አትያዙ።

መልስ 3፦ በኢንተርኔት የሚታየው የመኪና ኪራይ ዋጋ አያታልላችሁ፤ የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ስለሆነና የክሬዲት ካርድ መድን እሱን ስለማይሸፍን፣ መኪናውን ስትረከቡ ሂሳቡ በጣም ይጨምራል። አውቶቡስ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሳን ሆሴ ሁሉም የሚነሣበት አንድ መናኸሪያ ስለሌላት ሻንጣ ይዞ ማፈላለጉ እናትዎን ያደክማቸዋል። እኔ የምመክረው ከሆቴል በር አንሥቶ ሆቴል በር የሚያደርሰውን የጋራ ሚኒባስ ነው። በአሬናል እሳተ ገሞራ አጠገብ ካለችው ከላ ፎርቱና ከተማ ወደ ሞንቴቬርዴ ስትሄዱ መኪናው የአሬናልን ሐይቅ ዞሮ ከሚያንከራትታችሁ፣ በሚኒባስ፣ ከዚያ በጀልባ፣ እንደገና በሚኒባስ የሚያሻግሩ አሉ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አድራሻ የሚነገረው «ከቤተ ክርስቲያኑ 200 ሜትር ወደ ሰሜን» በሚል ዓይነት ነው (የአዲስ አበባ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም)፤ 100 ሜትር ሲሏችሁ ከመስቀለኛ መንገድ እስከሚቀጥለው መስቀለኛ መንገድ ማለታቸው ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። እንግዲያው ማኑኤል አንቶኒዮን በካዊታ ቀይረናል። አውሮፕላናችን የሚያርፈው ማታ ነው፤ የመጀመሪያውን ሌሊት የት ብናድር ይሻላል?

መልስ 3፦ ኤርፖርቱ ያለው አላሁዌላ እንጂ ሳን ሆሴ ውስጥ ስላልሆነ እዚያው አላሁዌላ እደሩ። የኤርፖርቱ ሕጋዊ ታክሲዎች ብርቱካንማ ናቸው።