ለልብ ኦፕራሲዮን ደሙን ማን ያምጣ? ዘመድ ወይስ ደም ባንክ?

የአቃቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ ላንሳ፣ በቅንነት ተከራከሩበት። የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት የልብ ቫልቭ ኦፕራሲዮን ተደረገላት። ያኔ 19 ዓመቷ ነበር። በልጅነቷ የጉሮሮ ሕመም እየተመላለሰባት ነው ልቧ የተጎዳው። ሁለት ዓመት ወረፋ ጠበቅን። ተራዋ ሲደርስ "ደም የሚሰጡ ስድስት ሰዎች ይዛችሁ ኑ" ተባልን። ሆስፒታሉን አልጠራም። ቤተሰቡ ከገጠር የመጣ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያውቁት ሰው በጣት ይቆጠራል። እኔ ሰጠሁ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ሰጡ። አክስቴ ልትሰጥ ሄዳ "አንቺም ደም አንሶሻል" ተብላ ተመለሰች። ቀጠሮው በዘጠኝ ቀን ተገፋ። በሩ ላይ የቆመ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ "ሰው ላምጣላችሁ፣ በዋጋ እንስማማለን" አለን። እምቢ አልን እንጂ፣ አክስቴ ላሟን ልሽጥ ብላ ነበር።

አቋሜ ይህ ነው። የታማሚን ዘመድ "ደም አምጣ" ማለት መቅረት አለበት። ምን ትላላችሁ?

ደም ለጋሹ፦
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ለእህትህ ሙሉ ጤና ይስጣት። ሐሳብህን ግን አልቀበልም። እኔ 21 ጊዜ ደም ሰጥቻለሁ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደም ባንክ እንዴት እንደሚጨነቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ብዙው ለጋሽ ተማሪ ነዋ። በጾም ወቅትም ሰው ይቀንሳል። ዘመድ አይጠየቅ ካልን፣ በዚያ ሰሞን ተራው ለደረሰ ሰው ደሙ ከየት ይምጣ? እኔ ራሴ የጀመርኩት ለወንድሜ ሚስት ነው። ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። ያኔ ባልጠየቁኝ ኖሮ ዛሬም መርፌ እንደፈራሁ ነበርኩ።

የአቃቂው፦
አንተ ከተማ ውስጥ ወንድም ያለህ ሰው ነህ። ሰው የሌለው ምን ይሁን?

ሲስተር፦
ሁለታችሁም ስለ ደም ከረጢቱ ነው የምታወሩት። እኔ ደሙ ለምን እንደሚሄድ ልንገራችሁ። ስምንት ዓመት የልብ ኦፕራሲዮን ክፍል ሠርቻለሁ።

ልብ ቆሞ ኦፕራሲዮን ሲደረግ ደሙ የሚዞረው በማሽን ነው። ማሽኑ የልብንም የሳንባንም ሥራ ይሠራል። ደም ደግሞ ከፕላስቲክ ቱቦ ጋር ሲገናኝ መርጋት ይጀምራል። ስለዚህ ሄፓሪን የሚባል፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት በብዛት እንሰጣለን፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ300 እስከ 400 ዩኒት። አስቡት፣ ደረት ተከፍቶ፣ ደሙ እንዳይረጋ ተደርጎ። በዚህ ላይ የማሽኑ ቱቦዎች መጀመሪያ የሚሞሉት በፈሳሽ ነው። ያ ፈሳሽ የታማሚዋን ደም ያቀጥነዋል። ትንሽ ሰውነት ያላት ልጅ ላይ ይህ በጣም ይታያል። ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ሰው ደም ደግሞ ቶሎ አይረጋም። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ትንንሽ ሴሎች፣ ፕላትሌቶቹም፣ ማሽኑ ውስጥ ሲዞሩ ይጎዳሉ።

ሲያልቅ ሄፓሪኑን የሚሽር ፕሮታሚን ይሰጣል። ቀስ ተብሎ ነው የሚሰጠው፤ ከተቸኮለ የደም ግፊቷ ዝቅ ይላል። ከዚያ የሁላችንም ዓይን ደረቷ ውስጥ የገባው የፍሳሽ ቱቦ ላይ ነው። በየሰዓቱ ስንት ሚሊ ሊትር እንደጨመረ እየጻፍን እናድራለን። ካላቆመ ደረቷ እንደገና ይከፈታል። እንዲህ ባለ ሌሊት "ደም የለም" ስንባል ምን እንደሚሰማኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ "ዘመድ አይጠየቅ" ለማለት አፌ አይደፍርም።

ግን አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ብዙ ቤተሰብ የሰጠው ደም ለራሱ ታማሚ የሚሰጥ ይመስለዋል። ባንክ ነው የሚገባው፤ ከሌላ ሰው ደም ጋር ይተካካል። "የሥጋ ዘመድ ደም ይሻላል" የሚባለውም ልክ አይደለም። በወላጅ ወይም በወንድም ደም ውስጥ ያሉ ነጭ የደም ሴሎች የታማሚውን አካል የሚያጠቁበት ችግር አለ። ብርቅ ነው፣ ከመጣ ግን ይገድላል። ፕላትሌት ደግሞ የሚቆየው አምስት ቀን ገደማ ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት የሰጣችሁት ለዚያ ሌሊት አይደርስም።

ሰመመን፦
ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ አሜሪካ ውስጥ የሰመመን ሐኪም ነኝ። "ማን ያምጣ" ከማለታችን በፊት "ስንት ያስፈልጋል" እንበል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ፤ ከ4,800 በላይ የልብ ኦፕራሲዮን ታማሚዎች። ግማሾቹ ደም የተሰጣቸው ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ በዴሲ ሊትር ከ7.5 ግራም ሲወርድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ኦፕራሲዮን ክፍልና ጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) ሳሉ ከ9.5 ሲወርድ ይሰጣቸዋል። ቆጣቢው ቡድን በሞትም በስትሮክም አልተጎዳም። ደም የወሰዱት ግን በቆጣቢው ቡድን ከመቶ 52፣ በሌላው 73 ነበሩ። ልዩነቱን ወደ ከረጢት ቀይሩት፤ ስንት አክስት ከመንከራተት ትድናለች።

ሌላው ትራኔክሳሚክ አሲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ያገኙት ርካሽ መድኃኒት ነው። የረጋው ደም መልሶ እንዳይሟሟ ያደርጋል። የፈሰሰውን ደም ሰብስቦ አጥቦ የሚመልስ ማሽንም አለ። ሂዩስተን ውስጥ ዶክተር ዴንተን ኩሊ በሃይማኖታቸው ምክንያት ደም የማይወስዱ የይሖዋ ምስክሮችን ያለ ሌላ ሰው ደም ቀዶ ጥገና ያደርጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የ542 የልብ ኦፕራሲዮን ውጤት ይፋ አደረጉ። በቀጥታ በደም መፍሰስ የሞቱት ሦስት ናቸው። ከተጠነቀቅን ምን ያህል መቆጠብ እንደሚቻል ያሳያል።

ሲስተር፦
ዶክተር፣ ያ ደም የሚያጥበው ማሽን ለእያንዳንዱ ታማሚ አዲስ ዕቃ ይፈልጋል። በዶላር ነው የሚገዛው። ትራኔክሳሚኩ ላይ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ፋርማሲስቷ፦
ዶክተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. የ2015ቱን የእንግሊዝ ጥናት ለምን ዘለሉት? እዚያም መስመሩ 7.5 እና 9 ነበር። በሦስት ወር ውስጥ የሞቱት በቆጣቢው ቡድን ከመቶ 4.2፣ በሌላው 2.6 ናቸው። በሁለቱም ጥናቶች የተጠኑት በአብዛኛው ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። የእኛ ታማሚ የ19 ዓመት ልጅ ናት፤ ቫልቯ ለዓመታት ሲበላሽ የኖረ፣ ምናልባትም በምግብ እጥረት ያደገች። ቁጥሩን እንዳለ አንስተን እሷ ላይ አንጫን።

መድኃኒቱንም በጥንቃቄ። ትራኔክሳሚክ አሲድ መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ከእሱ በፊት የተወደደው አፕሮቲኒን ነበር፣ ከከብት ሳንባ የሚወጣ። ደም ያቆማል ተብሎ ለዓመታት በብዙ ታማሚ ላይ ዋለ። በካናዳ በተጀመረ ጥናት የወሰዱት ሰዎች ሞት በዝቶ ስለታየ አምራቹ ባየር እ.ኤ.አ. በ2007 ሽያጩን አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች መረጃውን እንደገና መርምረው በአውሮፓ የተጣለበት እገዳ ይነሳ አሉ። ባለሙያው ዛሬም አልተስማማም። እኔ ደም መቆጠብን አልቃወምም። "ቆጥቡ" የሚለው ቃል ባንኩ ባዶ የሆነበትን ምክንያት እንዳይሸፍን ግን እፈራለሁ።

ሰመመን፦
ትክክል ነሽ እህቴ፤ ያንን ጥናት ማንሳት ነበረብኝ። ስለ ዕድሜው ያልሽውንም እቀበላለሁ። ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ 7.5 ላይ ግትር አልልም፣ ታማሚዋን አይቼ ነው የምወስነው።

ከአሽዶድ፦
እኔ ሐኪም አይደለሁም። እስራኤል ነው የምኖረው። እ.ኤ.አ. በ1996 ቤተ እስራኤላውያን የሰጠነው ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር ታወቀ። ኤች አይ ቪ ይኖርበታል ተብሎ ነው። ለማናችንም አልነገሩንም፤ እጃችንን ዘርግተን እንሰጥ ነበር፣ እነሱ ይደፉት ነበር። እናቴ ኢየሩሳሌም ለሰልፍ ስትወጣ አስታውሳለሁ። እስከ ዛሬ ደም መስጫ መኪና ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ይህን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ? ደም የሚሰጥ ሰው ደሙ የት እንደሚሄድ እውነቱ ይነገረው። ዘመድን "ለልጅህ ነው" ብሎ አስፈርሞ ሌላ ቦታ ማድረግ፣ በቅን ልብ ቢሆንም፣ አንድ ቀን ይታወቃል። ያኔ የሚከፈለው ዋጋ ከአንድ ከረጢት በላይ ነው።

ደም ለጋሹ፦
እህቴ፣ ይህ ልቤን ነካው። እኔም ለወንድሜ ሚስት የሰጠሁት ለሌላ ሰው እንደሄደ ያወቅሁት በአራተኛው ጊዜ ነው። አልተቆጣሁም፤ ብነገር ግን ደስ ይለኝ ነበር። ቢሆንም ከአቋሜ አልወጣም። ይጠየቅ። እውነቱ ተነግሮ ይጠየቅ።

ፋርማሲስቷ፦
ይጠየቅ፣ እሺ። ካላመጣ ምን ይሆናል? ክርክሩ እዚህ ጋ ነው። ቀጠሮው ከተገፋ ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል፣ ግዴታ ሆኗል። ግዴታ ሲሆን በሩ ላይ የሚቆመው ልጅ ገበያ ያገኛል። ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ስለ ጤናው እውነቱን አይናገርም። ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ ይመረመራል፣ አውቃለሁ። ግን ሰውየው የተያዘው በቅርብ ቀን ከሆነ ምርመራው ላያገኘው ይችላል።

የአቃቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አቋሜን ትንሽ አስተካክላለሁ። ዘመድ ይጠየቅ፣ ደም ለጋሹ አሳምኖኛል። ቀጠሮ ግን ከደሙ ጋር አይታሰር። ሰው የሌለው ታማሚ ከባንኩ ይሰጠው።

ሲስተር፦
በዚህ እንስማማለን። አንድ ነገር ልጨምር። ከሁሉ ርካሹ ደም ወረፋው ላይ ያለ ነው። ሁለት ዓመት የምትጠብቅ ልጅ ሄሞግሎቢኗ ቢለካ፣ የብረት እጥረት ከሆነ እንክብል ብትጀምር፣ ኦፕራሲዮን ክፍል የምትገባው ሞልታ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የምትወስድ ከሆነም መቼ እንደምታቆም ቀድሞ ይነገራት፤ በራሷ ግን እንዳታቆም። የእህትህ ስንት ነበር?

የአቃቂው፦
አሁን ካርዷን አውጥቼ አየሁት። ኦፕራሲዮኑ ሊደረግ 11 ወር ሲቀረው ተለክቶ 9.1 ይላል። ከጎኑ ምንም አልተጻፈም። እንክብል አልታዘዘላትም፤ እኛም ትርጉሙን አላወቅንም። ኦፕራሲዮን ላይ አራት ከረጢት ወሰደች።