ኪርኬጋርድ በቤተ ክርስቲያኑ ላይ የከፈተው ዘመቻ ልክ ነበር ወይ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ስለ ዴንማርካዊው ፈላስፋና የሥነ መለኮት ሰው ሶረን ኪርኬጋርድ ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ በ1813 ተወልዶ በ1855 አረፈ፤ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው። የመጨረሻ ዓመቱን ያሳለፈው የአገሩን መንግሥታዊ ቤተ ክርስቲያን በጋዜጣ ሲሞግት ነው። መነሻው ይሄ ነው፦ ጳጳስ ሚንስተር በጃንዋሪ 1854 ሲያርፉ ፕሮፌሰር ማርተንሰን በስብከታቸው «የእውነት ምስክር» ብለው ከሐዋርያት ተርታ አሰለፏቸው። ኪርኬጋርድ ደግሞ የእውነት ምስክር ማለት የተገረፈ፣ የተሰደደ፣ በድህነት የሞተ ሰው ነው እንጂ በድሎት የኖረ ጳጳስ አይደለም አለ። ልክ ነበር?

የሥነ መለኮት ተማሪ፦ በፍጹም። ሚንስተር ለእነ ኪርኬጋርድ ቤት ባዳ አልነበሩም። አባቱ የሚያከብሯቸው ቄስ ናቸው፤ ልጁም በስብከታቸው ነው ያደገው። ስማቸውን ጠርቶ አደባባይ ያወጣቸው ግን ከሞቱ በኋላ ነው። ሙት መውቀስ ምን ይሉታል? ደግሞስ እሱ ማን ሆኖ ነው? ሱፍ ነጋዴ የነበሩት አባቱ የተዉለትን ሀብት እየበላ ነው የኖረው። ደመወዝ በልቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ቄስ ለመውቀስ ሆድ የሞላው ሰው መሆን ይቀላል። ራሱም የሥነ መለኮት ፈተናውን በ1840 አልፎ ገጠር ገብቶ ቄስ ልሁን ወይ እያለ ዓመታት አመንትቷል።

መምህርት፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ክስህ ግማሽ ታሪክ ነው። ኪርኬጋርድ በ1850 ባሳተመው መጽሐፍ የዘመኑ ክርስትና ከወንጌሉ ምን ያህል እንደራቀ ቁልጭ አድርጎ ጽፏል። ሚንስተርም መጽሐፉ እንደሚነካቸው ገብቷቸዋል። በቅዱስ ነገር መቀለድ ነው ብለው መቆጣታቸውን ሰምቶ ቤታቸው ድረስ ሄደ። እስቲ ይገሥጹኝ አላቸው። እሳቸው ግን የመገሠጽ መብት የለኝም፣ ወፍ ሁሉ በየምንቃሩ ይዘምር ብለው ሸኙት። እንዲህ አድርጎ ማስታወሻው ላይ አስፍሮታል። እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የማዝነው። እሱ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እውነት ነው፣ የምንሰብከው ክርስትና የለዘበ ነው» የሚል ቃል። ሚንስተር ሳይሉት ሞቱ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የእውነት ምስክር ተባሉ። ታዲያ ዝም ይበል?

የመጀመሪያውን ጽሑፍ በፌብሩዋሪ 1854 ጽፎ አሥር ወር ያህል አቆይቶታል። ማርተንሰን ለሚንስተር መንበር እጩ ነበሩና ሹመት ሊያደናቅፍ ነው እንዳይባል። ማርተንሰን ተሾሙ። ጽሑፉ የወጣው በዲሴምበር 18 ነው። ይሄ የቂመኛ ሰው ሥራ አይመስለኝም።

የሥነ መለኮት ተማሪ፦ መምህርት፣ ሕዝቡን የት ጣለው ነው የምለው። ቅዳሴ ባለመሄድህ አንድ ኃጢአት ይቀነስልሃል ብሎ ጻፈ እኮ! ባልቴቷ እሑድ እሑድ የምትጽናናበትን ደጅ ዘግቶ በምትኩ ምን ሰጣት? ሕግ ያሻሽል አላለ፣ ማኅበር አላቋቋመ። የ1849ኙ ሕገ መንግሥት እኮ የእምነት ነፃነት ሰጥቷል፤ ያልፈለገ መውጣት ይችል ነበር።

ኮፐንሃገን የምኖር፦ እኔ ልጨምር። ያ ሥርዓት ዛሬም አለ። ሕገ መንግሥቱ መንግሥት የሉተራን ቤተ ክርስቲያንን ይደግፋል ይላል፤ ንጉሡም አባል መሆን አለባቸው። የቀሳውስቱን ደመወዝ 40 በመቶ የሚከፍለው መንግሥት ነው፣ ከሁሉም ሰው ግብር። አባላት ደግሞ ለብቻ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይከፍላሉ። የእኛ ልጅ ስትወለድ፣ ኦርቶዶክስ ብንሆንም፣ ልደቷ የተመዘገበው በአጥቢያው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ አንድም ቀን አላስቸገሩንም። ጥያቄው ግን ገባኝ። መዝገብ ያዥነትና እምነት ለምን አንድ ቢሮ ተቀመጡ?

መምህርት፦ ልክ እሱን ነው ሲል የነበረው! አንድ ሺህ የሚሆኑ ቄሶች የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ፣ መንግሥት ሰው ሁሉ ክርስቲያን ተብሎ እንዲቆጠር ይፈልጋል፤ ቄሱም እንጀራው በዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ክርስትና ዋጋ ያስከፍላል ብሎ ለመናገር አፉ አይደፍርም። ባልቴቷን አልናቃትም፤ ያልኖሩትን የሚሰብኩላት ሰዎችን ነው የተናገረው።

ስለ ገንዘቡም፣ ተማሪው፣ ልብ በል። አዎ፣ ውርስ በልቶ ኖሯል። ግን በራሱ ኪስ መጻሕፍት ሲያሳትም ኖሮ ሲሞት የቀረው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ኦክቶበር 1855 መንገድ ላይ ወድቆ ሆስፒታል ገባ። የልጅነት ጓደኛው ቄስ ኤሚል ቦሰን ቁርባን ትቀበላለህ ወይ ሲለው፣ አዎ፣ ግን ከቄስ አይደለም፣ ከምእመን እጅ ከሆነ ነው አለ። አይቻልም ተባለ። እንግዲያው ሳልቆርብ እሞታለሁ አለና ሳይቆርብ ሞተ። የሆድ ሙላት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ እዚያ አልጋ ላይ ይለሳለስ ነበር።

የሥነ መለኮት ተማሪ፦ ይሄን አከብርለታለሁ። ቢሆንም ያቺ የሰደባት ቤተ ክርስቲያን በክብር ቀበረችው። በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱ ሁሉ ተፈጸመለት፣ ቄስ የሆነው ወንድሙ ፒተርም ተናገረ። ይሄ ምሕረት አይባልም?

መምህርት፦ የእኅቱ ልጅ ሄንሪክ ሉንድ፣ ሐኪም ነው፣ መቃብሩ ላይ ቆሞ የተቃወመው ይህንኑ ነው። ሰውየው በቃሉም በጽሑፉም አልፈልጋችሁም ብሏል፤ እናንተ ግን ከሞተ በኋላ የእኛ ነው አላችሁ ብሎ ጮኸ፤ ከራእይ ዮሐንስም አነበበ። ኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ መቀጫ ከፈለ። በሕይወት እያለ አልቆርብም ያለን ሰው ሲሞት ያለ ፈቃዱ መውሰድ ምሕረት ነው ካልከኝ፣ እኔና አንተ በዚህ አንስማማም።